የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አፈሩ ምን ያወጣል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ውድ አንባቢዎች። ባለፈው እትም ስለ ካርበን፣ ማለት ካርበንዳይኦክሳይድ ሆኖ አየሩን ስለሚያሞቀው ነገር ስፅፍ "ደረቅ አካባቢ ያለ መሬት ብዙ ካርበን አይስብም" ብዬ በአንድ አረፍተ ነገር አልፌው ነበር። ከወለንጪቲ፣ ከወንጂ፣ ከራሷ ከአዳማ የመጡት ጥያቄዎች ግን አንድ አረፍተ ነገር እንደማይበቃው አሳይተውኛል። እውነት ነው፣ እኛ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው ምንኖረው፣ የግራሩ፣ የእሾሁ፣ የአቧራው መሬት የኛው ነው፣ ስለሱ እንዲ በችኮላ መወራት አልነበረበትም። ስለዚ የዛሬውን አምድ ሙሉውን ለዚ ጉዳይ ሰጥቼዋለው።

ጥያቄ፦ መብራት ሀይል ሰፈር ነው ምኖረው፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከብዙ ደረቅ ወር በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ሚመጣውን የአፈር ሽታ በጣም ነው ምወደው። አንድ ቪዲዮ ላይ ግን በዛ ሰአት አፈሩ ካርበንዳይኦክሳይድ ይለቃል ሲሉ ሰማሁ። ዝናብ ሲዘንብ ሳር ይበቅላል፣ ሳር ደሞ ካርበን ይስባል አይደል እንዴ? የቱ ነው ልክ?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ሁለቱም ልክ ነው፣ ሚለየው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ አፈሩ ያወጣል፣ ሳሩ ሚስበው ከቀናት በኋላ ነው።

አፈር ውስጥ ለቁጥር ሚያስቸግር ባክቴሪያና ፈንገስ አለ፣ እነሱም እንደኛው ምግብ በልተው ካርበንዳይኦክሳይድ ነው ሚተነፍሱት። ምግባቸው የረገፈ ቅጠል፣ የሞተ ስር፣ የከብት እበት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ አፈሩ እየደረቀ ሲሄድ ግን ያለ ውሃ መብላት ስለማይችሉ ገሚሱ ይሞታል፣ ገሚሱ ድብን ብሎ ይተኛል፣ የተኛውም ያለችው ውሃ ከሰውነቱ እንዳታልቅበት ስኳር መሰል ነገር ውስጡ አጠራቅሞ ነው ሚቆየው። ከዛ መጋቢት ወይ ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ዱብ ሲል ውሃው በአንዴ ይገባባቸዋል፣ ያጠራቀሙትን ቶሎ ካላቃጠሉት ወይ ካላወጡት ይፈነዳሉ፣ ስለዚ ያቃጥሉታል፣ የሞቱት ለተረፉት ምግብ ይሆናሉ፣ የአፈሩ ጓልም ውሃ ሲነካው ይፈረካከስና ውስጡ ተሸሽጎ የኖረ ብስባሽ ይገለጣል። ይሄ ሁሉ በሰአታት ውስጥ ነው ሚሆነው። ደረቅ በነበረበት ጊዜ ምንም ማይተነፍስ ሚመስለው መሬት በአንዴ ትንፋሹ ብዙ እጥፍ ይጨምራል፣ ከዛ በጥቂት ቀናት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል።

ይሄን ነገር በደንብ አጥንቶ የፃፈው በርች ሚባል የአፈር ተመራማሪ ነው፣ ስራውን የሰራውም እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ናይሮቢ አጠገብ ሙጉጋ ላይ ነው፣ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ። እስከዛሬም በዓለም ዙሪያ "የበርች ውጤት" ነው ሚባለው። የምስራቅ አፍሪካ አፈር ላይ የተገኘ እውቀት መሆኑን የኛ ተማሪዎች ቢያውቁት ደስ ይለኛል፣ መማሪያ መፅሀፍ ላይ ሁሉም ነገር ከሩቅ የመጣ ይመስላልና። በርች ያየው ሌላም ነገር አለ፣ በዛች አጭር ጊዜ ከካርበኑ ጋር ናይትሮጅንም ከብስባሹ ስለሚለቀቅ ቀድሞ የተዘራ ሰብል ይጠቀማል። ገበሬዎቻችን የመጀመሪያውን ዝናብ ለመዝራት ሚሽቀዳደሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሽታውን በተመለከተ፣ ካርበንዳይኦክሳይድ ራሱ ሽታ የለውም። አንቺ ምትወጂው ሽታ በብዛት ጂኦስሚን ከሚባል ነገር ነው፣ እሱንም ሚሰሩት የአፈር ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ጠብታው መሬቱን ሲመታው ወደ አየር ይበተናል። ትንፋሹም ሽታውም ከአንድ ሰፈር ነው ሚወጡት ማለት ነው።

እቤትሽ ማየትም ትችያለሽ። የግንባታ እቃ መሸጫ ሄደሽ ትንሽ ኖራ ግዢ፣ አንድ ማንኪያ ሀይላንድ ውስጥ ከውሃ ጋር በጥብጠሽ አሳድሪው፣ ጠዋት ላይ ከላይ የጠራውን ብቻ በንፁህ ጨርቅ አጥልይ። ኖራ ቆዳና አይን ያቃጥላል፣ ጓንት አድርጊ፣ ታላቅ ሰውም አጠገብሽ ይሁን። ክዳን ያላቸው ሁለት አፈ ሰፊ ጠርሙሶች ውስጥ ከግራር ስር ያመጣሽውን ደረቅ አፈር እኩል እኩል ጨምሪ፣ አንዱን ብቻ ውሃ አርከፍክፊበት፣ በሁለቱም አፈር ላይ የኖራውን ውሃ በቡና ሲኒ አስቀምጪና ክደኚው። በማግስቱ እርጥቡ ጠርሙስ ውስጥ ያለው የኖራ ውሃ ነጭ ሽፋን ይዞ ወይ ደፍርሶ ታገኚዋለሽ፣ ደረቁ ውስጥ ያለው ቢደፈርስም ትንሽ ነው። ያ ነጭ ነገር ከአፈሩ ወጥቶ ኖራው የያዘው ካርበን ነው።

ጥያቄ፦ ወለንጪቲ አካባቢ አርሶ አደር ነኝ፣ ይሄን ሚፅፍልኝ ልጄ ነው። ዝናቡ እንደ ድሮው አይደለም። ድሮ ትንሽ ትንሽ እያለ ይሰነብት ነበር፣ አሁን አንድ ቀን እንደ ጎርፍ ይወርድና ሁለት ሳምንት ጥርግ ብሎ ይጠፋል። ሳሩም እየጠፋ ቁጥቋጦ ወረሰን። ይሄ የአየር ለውጡ ነው? መሬቱስ እናንተ ካርበን ምትሉትን ነገር በዚ ሁኔታ ይስባል ወይስ ያወጣል?

መልስ፦ አባባ፣ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ከባዱ የርስዎ ነው፣ ያዩትም ነገር ዋናው ጉዳይ ነው።

ለልጅቷ የመለስኩትን ልጅዎ ያንብብልዎት። የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ቀስቅሶ ያስተነፍሰዋል ብያለው። አሁን ያንን በዓመት አንዴ ሳይሆን ዝናቡ በተቋረጠ ቁጥር ደጋግመው ያስቡት። ሁለት ሳምንት ደርቆ እንደገና ሲዘንብ፣ እንደ መጀመሪያው ባይሆንም፣ አፈሩ እንደገና ይተነፍሳል። አራትና አምስት ሚሊሜትር ሚሆን ካፊያ ደሞ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ብቻ ነው ሚያረጥበው፣ እሱ የላይኛውን ባክቴሪያ ለመቀስቀስ ይበቃል፣ የሳሩ ስር ጋ ግን አይደርስም፣ በማግስቱ ፀሀዩ ይመልሰዋል። መሬቱ ካርበን አውጥቶ ምንም ሳይስብ ይቀራል ማለት ነው። ጥሩ ዝናብ ስር ድረስ ሲወርድ ነው ሳሩ አረንጓዴ ሆኖ ከወጣው በላይ ሚመልሰው። በኛ አይነት መሬት ካርበን ተከትሎ ሚሄደው ውሃውን ነው። ሙቀት ብቻውን ደረቅ አፈርን ብዙ አያስተነፍሰውም፣ እርጥበት ሲያገኝ ነው ሙቀቱ ሚያፋጥነው።

ታዲያ ትልቅ ዝናብ ጥሩ ነው ማለት ነው? ወደ መሬት ከገባ አዎ፣ ደረቅ አካባቢ ላይ ጠልቆ የገባ አንድ ትልቅ ዝናብ ከአስር ካፊያ ሊበልጥ ይችላል፣ ምክንያቱም ፀሀይ አይደርስበትም። ራቁቱን በቀረ መሬት ላይ ሲወርድ ግን አይገባም፣ የላዩን አፈር ጠርጎ ቦረቦሩን እያሰፋ ይሄዳል፣ ካርበኑም ያለው እዛው የላዩ አፈር ላይ ነው። ስለዚ መልሱ ሳርዎ ላይ ነው ያለው፣ የሳሩ መጥፋት ነው ዝናቡን ወደ ጉዳት ሚቀይረው።

አዎ፣ የአየር ለውጡ እዚ ውስጥ እጁ አለበት። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ተን መሸከም ይችላል። ዓለም ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው አማካይ ከ1 ዲግሪ በላይ ሞቃለች። የሞቀው አየር ሲያዘንብ በአንዴ ብዙ ያወርዳል፣ በማይዘንብበት ቀን ደሞ ከአፈሩም ከቅጠሉም ውሃ ይመጥጣል። ቅጠል ውሃ እንዳይወጣበት ትንንሽ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፣ ካርበንዳይኦክሳይድ ሚገባውም በዛው ቀዳዳ ስለሆነ ተክሉ ውሃውን ሲያድን ምግቡን ያጣል። በበጋ እኩለ ቀን ላይ ግራሩ አረንጓዴ ሆኖ ቆሞ ምንም ማይስብበት ሰአት አለ።

ቁጥቋጦው ሌላ ታሪክ ነው። አየር ውስጥ ያለው ካርበንዳይኦክሳይድ ፋብሪካና መኪና ከመብዛቱ በፊት ከሚሊዮን የአየር ክፍል 280 ገደማ ነበር፣ አሁን ከ420 አልፏል። ለእፅዋት ይሄ ምግብ ነው፣ ቀዳዳቸውን ብዙ ሳይከፍቱ በቂ ስለሚያገኙ ውሃ ይቆጥባሉ። ነገር ግን ሁሉም እኩል አይጠቀምም። የቆላ ሳር አብዛኛው፣ ጤፍም በቆሎም ማሽላም፣ ድሮውኑ ካርበኑን ውስጣቸው አከማችተው ሚሰሩ ናቸው፣ ሳይንሱ "ሲ ፎር" ይላቸዋል፣ ተጨማሪው ብዙ አይጨምርላቸውም። ዛፍና ቁጥቋጦ ግን በሌላኛው መንገድ ስለሚሰሩ በደንብ ይጠቀማሉ። እዛ ላይ ከብቱ ሳሩን ሲጨርሰው፣ ቁጥቋጦውን ሚያቃጥለው ሰደድ እሳት ሲቀር፣ የወፍ ቆሎና ፕሮሶፒስ ሚባሉት ወራሪ እፅዋትም ሲመጡ ቁጥቋጦው ሜዳውን ይወርሳል። ከሳተላይት ሲታይ "መሬቱ አረንጓዴ ሆነ" ይባላል፣ ካርበንም እንጨቱ ውስጥ ሊጨምር ይችላል፣ የአፈሩ ግን አንዳንድ ቦታ ጨምሮ አንዳንድ ቦታ ቀንሶ ነው የተገኘው። ላም ያለው ሰው ግን አረንጓዴውን አይቶ አይጠግብም። ካርበን ብቻ ሚቆጥር ሰው የርስዎን ችግር አያየውም፣ ይሄን ሁሌም ነው ምለው።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ሹፌር ነኝ፣ ወደ ሶደሬ መንገድ ስንሄድ ያለውን እሾህ አይቼ ነው ምጠይቀው። ካርበን ሚባለው ነገር የአማዞን ደን ጉዳይ አይደለም እንዴ? የኛ ቁጥቋጦ በዓለም ሂሳብ ውስጥ ምን ሊሆን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም እንደዛ ነበር ማስበው። በስፋት ካየኸው ግን ደረቅና ከፊል ደረቅ መሬት ከዓለም የብስ 40 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ሄክታር የኛ ግራር አንድ ሄክታር አማዞንን አያክልም፣ በጣም ያንሳል። ግን ስፋቱ አለ፣ ሌላው ደሞ መለዋወጡ ነው።

ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ካርበንዳይኦክሳይድ ውስጥ የየብሱ እፅዋትና አፈር በአማካይ 30 በመቶ ገደማ መልሶ ይስባል፣ ግን በየዓመቱ እኩል አይደለም፣ አንዱ ዓመት በጣም ይበዛል ሌላው በጣም ያንሳል። በፈረንጆቹ 2011 የብሱ ከለመደው በጣም የበለጠ ሳበ፣ ሳይንቲስቶች የት ሄደ ብለው ሲፈልጉት ከጭማሪው 60 በመቶ የሚጠጋው የተገኘው አውስትራሊያ ላይ ነው፣ እሱም ከፊል ደረቅ የሆነው ሳርና ቁጥቋጦው ላይ። ላ ኒና ሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መቀዝቀዝ ለአውስትራሊያ ከባድ ዝናብ አመጣላት፣ የደረቀው መሬት ሁሉ ለመለመ። ከዛ ወዲህ የተሰሩ ጥናቶችም የዓመት ከዓመት መለዋወጡን በዋናነት ሚዘውረው ከፊል ደረቅ መሬት መሆኑን አሳይተዋል።

አሁን ልብ በል። ያው ላ ኒና እኛ ጋ ምን አመጣ? በኛ 2003 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ቦረናና ሶማሌ ክልል፣ ኬንያ፣ ሶማሊያ በድርቅ ተመቱ፣ ሶማሊያ ውስጥ ረሀብ ታወጀ። አንድ ባህር ሲቀዘቅዝ ያንዱ ደረቅ መሬት ካርበን ሲጠጣ የሌላው ከብት አለቀ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል። አውስትራሊያም የሳበችውን ይዛው አልቆየችም፣ በቀጣዮቹ ደረቅ ዓመታት ሳሩ ሲደርቅና ሲቃጠል ያ ትርፍ ቶሎ ጠፋ። እኛም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደቡብና ምስራቁ ላይ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ አይተናል። የደረቅ መሬት ካርበን እንዲ ነው፣ በዝናብ ዓመት ይሰበስባል፣ በድርቅ ይበትናል፣ የአየር ለውጡ ድርቁን ካበዛው ሚሰበስብበት ጊዜ ያጥረዋል። ስለዚ እሾሁን ዝም ብለህ አትለፈው፣ ከላይ ካለው ከታች ያለው ይበልጣል፣ ስሩና አፈሩ። በዓለም ደረጃ አፈር ውስጥ ያለው ካርበን አየር ላይ ካለውና እፅዋት ላይ ካለው ድምር ይበልጣል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። መሬት ስንት ካርበን ሳበ ስንት አወጣ ሚለው እንዴት ነው ሚለካው?

መልስ፦ በአጭሩ፣ ታወር ይተከላል፣ ከእፅዋቱ ከፍ ብሎ። ጫፉ ላይ የነፋሱን ወደላይ ወደታች እንቅስቃሴ ሚለካ መሳሪያና ጋዙን ሚለካ መሳሪያ አብረው በሰከንድ 10 ወይ 20 ጊዜ ያነባሉ። ወደ ላይ ሚወጣው ነፋስ ብዙ ካርበንዳይኦክሳይድ ተሸክሞ፣ ሚወርደው ትንሽ ይዞ ከሆነ መሬቱ እያወጣ ነው፣ ተገላቢጦሹ ከሆነ እየሳበ። ዳታው በግማሽ ሰአት በግማሽ ሰአት ይደመራል፣ ቀን ቀን መሳብ ማታ ማታ ማውጣት ይታያል፣ ከዝናብ በኋላ ያለው ያ ድንገተኛ ትንፋሽም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ስሙ ኤዲ ኮቫሪያንስ ነው። ሱዳን ኮርዶፋን ውስጥ ደሞከያ ሚባል ቦታ የሙጫ ግራር መሀል እንደዚ ተለክቷል፣ ሴኔጋል ዳራ ላይም እንዲሁ፣ ዳራ ላይ ያለው ሳር በዝናብ ወቅት ከተጠበቀው በላይ ሲስብ ነው የተገኘው። አፍሪካ ውስጥ ያሉት ታወሮች ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ አንፃር በጣም ጥቂት ናቸው። ከአዳማ በላይ ያሉትን የንፋስ ተርባይኖች ባየሁ ቁጥር ማስበው ይሄን ነው፣ ነፋስ በሽ ነው፣ ግራር አለ፣ የመልካሳ የግብርና ምርምር ማእከል ቅርብ ነው፣ ተመራቂ ተማሪም አለ። የመመረቂያ ፅሁፍህን በዚ ላይ ብትሰራ ካንተ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ነው ምትጠቅመው።

ጥያቄ፦ የአራት ልጆች እናት ነኝ፣ ከመተሐራ መስመር ሚመጣ ከሰል እቸረችራለው። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ "እማ ከሰል እኮ አየሩን ያበላሻል" አለችኝ። ምን ልመልስላት? ስራዬን ልተው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ሦስቴ ነው ያነበብኩት። ሌላ ገቢ ሳይኖርሽ ስራሽን ተይ አልልሽም፣ ከሰሉን ሚያነደው የአዳማ ሰው ሁሉ ነው፣ እኔም ቤት ቡና ሚፈላው በከሰል ነው። ለልጅሽ ግን እውነቱን አስረጂያት፣ ሂሳቡ ይሄ ነው።

በባህላዊው መንገድ አፈር አልብሶ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት 5 ኪሎ እንጨትና ከዛ በላይ ይፈጃል። ደረቅ እንጨት ግማሽ ያህሉ ካርበን ስለሆነ 5 ኪሎው ውስጥ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ካርበን ነበር፣ ከሰሉ ላይ ሚቀረው አንድ ኪሎ እንኳን አይሞላም። አብዛኛው ገና አንቺ ጋ ሳይደርስ ሲከስል ነው በጭስ ሚሄደው። ቀሪው አንዱ ኪሎ ምድጃ ላይ ሲነድ ከ2 ኪሎ ተኩል በላይ ካርበንዳይኦክሳይድ ይሆናል፣ ከአየሩ ኦክስጅን ስለሚጨመርበት ነው ከራሱ ሚከብደው። ከዛ በላይ ሚያሳስበኝ ግን ግራሩ ከሄደ በኋላ ያለው መሬት ነው። ከግራር ስር ያለው አፈር ጥቁር ነው፣ ቅጠሉ ይረግፍበታል፣ ከብት ጥላውን ፈልጎ እበቱን ይጥልበታል፣ ግራሩ ራሱ ናይትሮጅን ይጨምርበታል። ሲቆረጥ ጥላው ይሄዳል፣ አፈሩ ይግላል፣ ቅጠል ሚጨምርለት የለም፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ያለውን ይተነፍሳል እንጂ ሚተካለት አያገኝም።

ፕሮሶፒስን አክስለን እንሽጥ ሚል ሀሳብ አፋር ላይ ተሞክሯል፣ በማህበር ተደራጅተው ሸጠውበታል፣ ችግሩ በሱ ስም ግራሩም አብሮ መቆረጡ ነበር። ስለዚ ከሰልሽ ከምን እንጨት እንደሆነ አቅራቢሽን መጠየቅ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዛፍ ከጉቶው ይመለሳል ደሞ። ወላይታ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር ሚሆን የተራቆተ ተራራ የተመለሰው በአብዛኛው ችግኝ ተተክሎ ሳይሆን ከድሮ ጉቶዎች ሚወጣውን ቀንበጥ መርጦ በመተው፣ ሌላውን በመከርከምና ከብት ከቦታው በመከልከል ነው፣ ዓለም ባንክ ሚያስተዳድረው ፈንድም ከተጠራቀመው ካርበን ላይ ገዝቶ ለህብረት ስራ ማህበራቱ ከፍሏል። እዛ ዝናቡ ከኛ ይሻላል፣ እኛ ጋ ይዘገያል፣ ግን መንገዱ ያው ነው። ለአቅራቢሽ እንዲ በይው፦ ጉቶውን ከነስሩ አትንቀል፣ ከጉቶው ከሚወጡት ቀንበጦች ጠንከር ያሉትን ሁለት ሦስቱን ተውና ሌላውን ከርክም፣ የቆረጥከውን እሾህ ዙሪያውን እጠርበት፣ ፍየል እንዳይደርስበት ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክረምት።